የችግኝ ዜና ለምን በመሪው ይጀምራል?

ወንድሜ፣ «የችግኝ ተከላ ዜና ሁሌ ለምን በመሪው ፊት ይጀምራል?» ላልከው የሚመስለኝን ልንገርህ። ሐምሌ 22 ቀን 2011ን አስታውስ። በ12 ሰዓታት ውስጥ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ተነገረ። ዜናው ዓለምን ዞረ። የጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ ስምም አብሮ ዞረ። ዛፍ ለማደግ ዓመታት ይፈጅበታል፤ ካሜራ ግን ዛሬውኑ የሚያሳየው ሰው ይፈልጋል። መሪው በርከክ ሲል ምስሉ ተገኘ። ታሪኩም ጀግና አገኘ።

እስቲ እንዲህ ያለውን ምስል ጠጋ ብለህ እየው። ጉድጓዱ ቀድሞ ተቆፍሯል። የችግኙ ጥቁር ላስቲክ ተቀዷል። ችግኙ ራሱ ለወራት ችግኝ ማፍያ ጣቢያ ውስጥ ውሃ ሲጠጣ፣ ሲታረም ቆይቷል፤ ብዙ ጊዜ በሴቶች እጅ። እነዚህ ሰዎች ግን በዜናው ውስጥ ስም የላቸውም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

መሪ መትከሉ ጥሩ ነው፣ ሰው ያነሳሳል። ጥፋቱ ዘገባው እዚያው ሲያልቅ ነው። በጋ ላይ ተመልሶ «ስንቱ ጸደቀ? ከብት ስንቱን በላው?» ብሎ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ ያስፈልገናል። አንተም ቀጣዩን ዜና ስታይ ማን መጀመሪያ እንደተናገረ፣ ገበሬው ስንተኛ ላይ እንደመጣ ቁጠርና እዚሁ ጻፍልን።