ስለ አብራሪነት ትምህርትና ሙያ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ሰዓትና ዕድሜ የምጠቅሰው በዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (ኢካኦ) ዝቅተኛ መመዘኛ ነው፤ የየአገሩ ባለሥልጣን ከዚያ በላይ ሊጠይቅ ይችላል።

ጥያቄ፦ መነጽር አደርጋለሁ። ሕልሜን ልርሳው?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! የሚለካው በመነጽርህ የምታየው ነው። ለንግድ አብራሪ (ተከፍሎት ለሚበር) የሚያስፈልገው አንደኛ ደረጃ የሕክምና ምስክር ወረቀት እያንዳንዱ ዓይን ለየብቻው 6/9 (ጤናማ ዓይን ከ9 ሜትር የሚያየውን ከ6 ሜትር)፣ ሁለቱ አብረው 6/6 እንዲያዩ ይጠይቃል። በረራ ላይ ትርፍ መነጽር እጅህ በሚደርስበት ቦታ መያዝ ግዴታህ ነው። ቀለም መለየት ግን ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በምርመራው ሥዕል ላይ በባለቀለም ነጠብጣቦቹ መካከል ያለውን ቁጥር ካላነበብክ ተጨማሪ ምርመራ ይታዘዝልሃል፤ እሱንም ካላለፍክ ፈቃድህ ሊገደብ ይችላል። ስለዚህ ለትምህርት ቤት አንድ ሳንቲም ከመክፈልህ በፊት አንደኛ ደረጃውን ምርመራ ጨርስ። ብዙ ሰው ለግል አብራሪ የሚበቃውን ሁለተኛ ደረጃውን ብቻ ይዞ ይጀምርና የልብ ወይም የጆሮ ችግሩን የሚሰማው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ስንት ሰዓት መብረር አለብኝ?

መልስ፦ ለግል አብራሪ ፈቃድ 40 ሰዓት፣ በጸደቀ ሥርዓተ ትምህርት ከተማርሽ 35። ከዚህ ውስጥ 10ሩን ብቻሽን ትበሪያለሽ። ለንግድ አብራሪ ፈቃድ 200፣ በጸደቀ ሥልጠና 150። ለአየር መንገድ ትራንስፖርት አብራሪ ፈቃድ (ከፍተኛው የአብራሪ ፈቃድ) 1,500። ዕድሜው በቅደም ተከተል 17፣ 18 እና 21 ነው። እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ተማሪ በ40 ሰዓት አይጨርስም፤ ዋናው ምክንያት ደግሞ በበረራዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ የሚበር ተማሪ ካቆመበት ይቀጥላል። በሦስት ሳምንት አንዴ የሚመጣው የሰዓቱን ግማሽ የረሳውን በማስታወስ ይጨርሰዋል። ገንዘቡ ካልሞላ መጀመሩን አዘግዪውና አጠራቅመሽ ባንድ ትንፋሽ ብረሪ።

ጥያቄ፦ 34 ዓመቴ ነው፤ ዘግይቻለሁ?

መልስ፦ አልዘገዩም። ከአንድ በላይ አብራሪ በሚሳተፍበት የንግድ በረራ የዕድሜ ጣሪያው 65 ነው። ሥልጠናውን ሲቀንሱም ረጅም የሥራ ዘመን ይቀርዎታል።

ጥያቄ፦ ሳርፍ አውሮፕላኑ ይነጥርብኛል። ምን እያጠፋሁ ነው?

መልስ፦ በመጀመሪያ ዓይንህን ታዘብ። ከአፍንጫው ሥር ያለውን አስፋልት ካየህ መሬቱ እየሮጠ የሚመጣብህ ይመስልህና መሪውን ቶሎ ትስባለህ፤ አውሮፕላኑም ከፍ ብሎ ፍጥነቱን ይጨርስና ይወድቃል። ማኮብኮቢያው ላይ ስትደርስ እይታህን ወደ ሩቁ ጫፍ አሻግረው፤ ከፍታህን የሚነግርህ የግራና የቀኙ ጠርዝ ወደ ላይ ሲሰፋ ነው።

ሁለተኛው ፍጥነት ነው። የአቀራረብ ፍጥነትህ 10 በመቶ ቢበልጥ የማረፊያ ርቀትህ 20 በመቶ ገደማ ይረዝማል። አውሮፕላኑ ተንሳፍፎ አልወርድም ሲልህ በጉልበት ልታስቀምጠው ትገፋለህ፤ የአፍንጫው ጎማ ቀድሞ ይመታና ይነጥራል። እዚህ ላይ እንደገና መግፋት የአፍንጫ ጎማ የሚሰብር ስህተት ነው። ጠንከር ብሎ ከነጠረ ሙሉ ኃይል ስጥ፣ አፍንጫውን ለመውጣት በሚመች አቋም ያዝ፣ ፍላፕህን (ከክንፉ ጀርባ የሚወርዱትን ሰሌዳዎች) በደረጃ ሰብስብና ዞረህ ተመለስ። ዞሮ መመለስ ያስመሰግናል እንጂ አያሳፍርም።

ጥያቄ፦ ከመነሳት በፊት ነዳጅ በብርጭቆ የሚቀዳው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ታንኩ ሥር ይተኛል፤ ወደ ሞተር ከገባ ሞተሩ የሚጠፋው ምናልባት ልክ ስትነሺ ነው። ከእያንዳንዱ መቅጃ ቅጂና ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሺው። ውኃ ካለ ታች ላይ እንደ ጠብታ ተለይቶ ይታያል። አደገኛው ግን ብርጭቆው በሙሉ ውኃ የሆነ እንደሆነ ነው፤ መለያ መስመር ስለሌለው ንጹሕ ይመስላል። በተለምዶ በትንንሽ አውሮፕላኖች የሚሞላው 100LL የሚባለው፣ የሊድ (እርሳስ የሚባለው ብረት) መጠኑ ዝቅተኛ የሆነ ቤንዚን ሰማያዊ ነውና ቀለሙን አረጋግጪ፣ አሽትቺውም። ውኃ ካገኘሽ ንጹሕ እስኪወጣ ድረስ ደጋግመሽ ቅጂ፤ ካልጠራ አትነሺ። ስለ መጠኑም የነዳጅ ጠቋሚውን ብቻ አትመኚ፤ ክዳኑን ከፍተሽ በመለኪያ ዘንግ እዪው።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው።

መልስ፦ ለዓለም አቀፍ በረራ ከኢካኦ ስድስት የቋንቋ ችሎታ ደረጃዎች ቢያንስ ደረጃ 4 ያስፈልጋል። ደረጃ 4 በየሦስት ዓመቱ፣ ደረጃ 5 በየስድስት ዓመቱ እንዲፈተን ይመከራል፤ ደረጃ 6 አይታደስም። በሬዲዮ ላይ የሚያስቸግረው ግን ሰዋስው ሳይሆን የሰሙትን ትእዛዝ መልሶ መድገም ነው። «ከማኮብኮቢያው በፊት ቁም» ከተባልክ «ሮጀር» (ሰምቻለሁ) ብቻ አይበቃም፤ ትእዛዙን ከጥሪ ስምህ ጋር ድገመው።

ጥያቄ፦ መብረር አልፈልግም፤ አቪዬሽንን ግን እወዳለሁ።

መልስ፦ በር ሞልቷል። የጥገና ፈቃድ በ18 ዓመት ይሰጣል፤ የአራት ዓመት የሥራ ልምድ፣ የጸደቀ ሥልጠና ካለሽ ደግሞ ሁለት ዓመት ይጠይቃል። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪና የበረራ ዲስፓቸር ፈቃድ በ21 ነው። ቁጥር፣ ካርታና የአየር ጠባይ የሚያስደስትሽ ከሆነ ዲስፓቸርነትን እዪው፤ የመስመሩን ነዳጅና አማራጭ ማረፊያ አብራሪው ከመቀመጡ በፊት የሚያሰላው እሱ ነው።