ጥያቄና መልስ፦ የድሮ ማይክ ከዛሬ መቅጃ ጋር

ከአዳማ ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ችግር ናቸው። ገመዱ ተበይዶ መሰኪያው ይገጥማል፤ ድምፁ ግን እንደሚጠበቀው አይመጣም።

ብረት ለበስ የድሮ ሹር ማይክ አለኝ፤ መሰኪያው በጥርስ የሚታሰር ክብ ነው። ገመድ አሠርቼ የኢንተርፌሱ (ማይኩን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው መቅጃ) የኤክስኤልአር (ባለ 3 እግር የማይክ መሰኪያ) መግቢያ ላይ ስሰካው ድምፁ ደካማና ቀጭን ሆነ። ማይኩ ሞቷል? (ከፍራንኮ)

ሞቷል ለማለት አይቸኩሉ። በዚያ ዘመን ለቫልቭ አምፕሊፋየር የተሠሩ ብዙ ማይኮች ኢምፒዳንሳቸው (ለድምፅ ጅረት ያላቸው ተቃውሞ፣ በኦም የሚለካ) ከፍተኛ ነው፤ 40 ሺህ ኦም አካባቢ የሚደርስ አለ። የዛሬ ኢንተርፌስ የማይክ መግቢያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሺህ ኦም ነው። 40 ሺውን 2 ሺው ላይ ሲሰኩት ማይኩ ከሚያመነጨው ቮልቴጅ የሚደርሰው 21ኛው እጅ ብቻ ነው፤ 26 ዴሲቤል ጠፋ ማለት ነው። ጌይን (የማጉያውን መጠን) ቢጨምሩ አብሮ የሚያድገው ሽሽታው ነው።

መጀመሪያ ማይኩን ገልብጠው ይዩ። አንዳንድ ሞዴሎች መሰኪያው አጠገብ የኢምፒዳንስ መምረጫ አላቸው፤ ካለ ወደ ዝቅተኛው ያዙሩት። ከሌለ የኢንተርፌሱን የጊታር መግቢያ ይጠቀሙ፤ እሱ 1 ሜጋ ኦም ገደማ ነው። የገመዱ መሐል ሽቦ ከጃኩ ጫፍ፣ ሽፋኑ ከጃኩ ግንድ ጋር ይበየዳል። ገመዱ ከ3 ሜትር ባይበልጥ እመርጣለሁ። በሜትር 100 ፒኮፋራድ ያለው የ6 ሜትር ገመድ ከ40 ሺህ ኦም ጋር ሲሆን ከ6.6 ኪሎኸርዝ ጀምሮ ቀጭኑን ድምፅ ይበላል።

ረጅም ገመድ የግድ ከሆነ ከፍተኛውን ኢምፒዳንስ ዝቅ የሚያደርግ ማቻቻያ ትራንስፎርመር ማይኩ አጠገብ ያስገቡ። ገበያ ላይ የሚገኘው በብዛት የተሠራው ለተቃራኒው አቅጣጫ ነው፤ ትራንስፎርመሩ ወደ ኋላም ይሠራል፣ መሰኪያዎቹን የሚገለብጡ አዳፕተሮች ግን ያስፈልጉታል። እስከዚያው ፋንተሙን (ኢንተርፌሱ በማይክ ገመድ የሚልከውን 48 ቮልት) አያብሩ። ያሠሩት ገመድ የኤክስኤልአሩን 3ኛ እግር ከሽፋኑ ጋር ካገናኘ እስከ 7 ሚሊአምፔር በማይኩ ጥቅል ሽቦ ውስጥ ያልፋል።

የመዘምራን ቡድናችን የድሮ ሪበን ማይክ (ድምፁን በስስ ብረት ጥብጣብ የሚይዝ) አለው። የፋንተሙ 48 ቮልት ያቃጥለዋል?

ገመዱ ጤነኛ ከሆነ በ2ኛውና በ3ኛው እግር ላይ ያለው ቮልቴጅ እኩል ስለሆነ በሪበኑ በኩል የሚሄድ ነገር የለም። አደጋው አንዱ ሽቦ ከሽፋኑ ጋር ሲነካካ ነው፤ ያኔ ሪበኑ ይለጠጣል። ስለዚህ ፋንተሙን አጥፍተው አንድ ደቂቃ ይጠብቁ፣ ከዚያ ይሰኩ። 60 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ጌይን ይፈልጋል፤ ኢንተርፌሱ ካልደረሰ 20 ዴሲቤል ገደማ የሚጨምር፣ ፋንተሙን ለራሱ ተጠቅሞ ወደ ማይኩ የማያሳልፍ ማጎልበቻ መሐል ይግባ። ኦሙን በቴስተር እንዳይለኩት፤ የቴስተሩ ጅረት ራሱ ሪበኑን ሊያንቀሳቅሰው ይችላል። አዳማ የነፋስ ተርባይን የተተከለባት ከተማ ናትና መስኮት ዘግተው ይቅረጹ፤ ሪበን የሚጎዳው በነፋስ ነው፣ በማግኔቱ ላይ የሚሰበሰበው የብረት ብናኝም አይለቅም።

ባለ 3 እግር ዲን መሰኪያ ያለው የጀርመን ዳይናሚክ ማይክ ወደ ኤክስኤልአር እንዴት ይቀየራል?

የዲኑ መሐለኛ እግር 2 መሬት ነው፤ ወደ ኤክስኤልአሩ 1 ይሄዳል። የዲኑ 1 ወደ 2፣ 3 ወደ 3። ከመበየድዎ በፊት 2ኛው እግር ከማይኩ ብረት አካል ጋር መገናኘቱን በቴስተር ያረጋግጡ። 1 እና 3 ቢዛነፉ ማይኩ አይበላሽም፤ ከሌላ ማይክ ጋር ሲቀረጽ ግን ወፍራሙ ድምፅ ይሰረዛል። የማይኩን መሰኪያ ቆርጠው አይጣሉት፣ አዳፕተር ገመድ ይሥሩለት። ማይኩ ኮንደንሰር (ኤሌክትሪክ ተልኮለት የሚሠራ) ከሆነና ከሞዴል ቁጥሩ በኋላ «ቲ» (T) ካለበት ግን ይቁሙ፦ ያ 12 ቮልት በድምፅ ሽቦዎቹ መካከል የሚፈልግ ሌላ ዓይነት ነው፣ ፋንተም ከመስጠትዎ በፊት መለወጫ ያስፈልገዋል።

ክሪስታል ማይክ መኪና ውስጥ ረስቼ ድምፁ ጠፋ።

የውስጡ ክሪስታል የሆነው የሮሼል ጨው 55 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ይበላሻል፤ በአዳማ ፀሐይ የተዘጋ መኪና እዚያ ይደርሳል። አይጠገንም፣ ካፕሱሉ ይቀየራል። አዲሱንም ከ1 ሜጋ ኦም በታች መግቢያ ላይ አይሰኩት፤ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል።