«ደም ለጋሽ» ወይስ «ደም ለጋስ»?

ጥያቄ፦ በመሥሪያ ቤታችን ለሚለጠፍ የደም ልገሳ ማስታወቂያ «ደም ለጋሾች በሰዓቱ ይገኙ» ብዬ ጽፌ ነበር። የክፍላችን ኃላፊ «ለጋሽ የሚባል ቃል የለም፤ ለጋስ የሚለው በሰው አፍ ተበላሽቶ ነው» ብለው በቀይ እስክርቢቶ አረሙት። ማናችን ነን ትክክል? ቃሉስ ከየት መጣ? ከሰጪና ከቸርስ በምን ይለያል?

መልስ፦ እርስዎ ነዎት። ኃላፊዎም ቢሆኑ ከመሬት ተነሥተው አልተናገሩም፤ «ለጋስ» የሚባል ጥሩ ቃል አለ። የተሳሳቱት አንዱን ቃል የሌላው ብልሽት በማድረጋቸው ነው።

ሁለቱም «ለገሰ» ከሚለው ግስ ይወጣሉ። ለገሰ ማለት ዋጋ ሳይጠብቅ፣ መልስልኝም ሳይል ሰጠ ማለት ነው። «ለጋስ» የሰውን ጠባይ ይናገራል፤ ለጋስ ሰው ኪሱ ባዶ በሆነበት ቀንም ለጋስ ነው። «ለጋሽ» ግን ድርጊቱን የፈጸመውን ሰው ይጠራል። ስለዚህም የሰጠውን ነገር ከፊቱ እናስቀምጥለታለን፦ ደም ለጋሽ፣ ኩላሊት ለጋሽ። «እጅግ ለጋስ ናቸው» ብንል ያምራል፤ «እጅግ ለጋሽ ናቸው» ግን ጆሮ ይቆረቁራል፤ «ደም ለጋስ»ም እንደዚያው። የታወቀ ንፉግ እንኳ ዘመድ ታሞበት ክንዱን ቢዘረጋ ያን ዕለት ደም ለጋሽ ነው። ለጋስ መሆን አለመሆኑን ጎረቤቶቹ ይመስክሩ።

አሁን ወደዚያች በቀይ ወደ ተሰረዘችው «ሽ» እንምጣ። ግእዝ አድራጊውን ሲጠራ ቃሉን በ«ኢ» ድምፅ ይዘጋዋል፤ ከወለደ «ወላዲ»፣ ከነግሠ «ነጋሢ» ይላል። አማርኛ ይህችን «ኢ» ከፊቷ ባለው ፊደል ውስጥ አቅልጦ አስቀራት፤ ስትቀልጥ ግን ፊደሉን ለውጣው ሄደች። «ወላዲተ አምላክ» ስንል ግእዙን እንዳለ እንጠራለን፤ በራሳችን አፍ ግን «ወላዲ» ወላጅ ሆኗል። ከከፈተ ከፋች፣ ከለመነ ለማኝ፣ ከገደለ ገዳይ፣ ከቆረጠ ቆራጭ፣ ከነከሰ ነካሽ የምንለው በዚሁ ሕግ ነው። ለጋሽም ከነካሽ ጎን የተሰለፈ ነው። «ለጋስ» በዚህ መንገድ የተበጀ የአድራጊ ስም ስላልሆነ «ስ»ው ሳይነካ ቀረ። ከአንዱ ሥር ንጉሥም ነጋሽም መውጣታቸውን ያስተውሉ። ደግሞ የዐረቦቹን «ነጃሺ» ይመልከቱ፤ የግእዙ «ነጋሢ» ነው፣ «ኢ»ዋን ይዞ ባሕር የተሻገረ። እዚህ የቀረው ግን «ነጋሽ» ሆነ፤ በትግራይ ውቅሮ አጠገብ ያለችውም ከተማ የምትጠራው በዚሁ ስም ነው።

«ሰጪ» የዚያው ቤተሰብ ነው። ሰጠ አጭር ግስ ስለሆነ «ጠ»ን ወደ «ጭ» ከለወጠም በኋላ «ኢ»ዋ አልጠፋችም፤ ጠጪና ገዢም እንደዚያ ናቸው። በትርጉም በኩል ሰጪ ገለልተኛ ነው። አገልግሎት ሰጪ ያስከፍላል፣ አስተያየት ሰጪ ሊሳደብም ይችላል። ለጋሽ ግን ምንም አያስከፍልም። ለዚህ ነው «ብድር ሰጪ» የምንለውን «ብድር ለጋሽ» ማለት የማይቻለው። የዜና ሰዎቻችን በወለድ ያበደረውን ሁሉ «ለጋሽ አገር» ሲሉት እኔ በበኩሌ «አበዳሪ» የሚለው ቃል ምን በደላቸው እላለሁ። አንዳንዶቹ ከዚያም አልፈው «ለጋስ አገሮች» ይላሉ፤ ይህ እንኳ ዜናም አይደለም፣ ምርቃት ነው።

ቸር ከሁሉም ይሰፋል። መስጠት በውስጡ አለበት፣ ዋናው ትርጉሙ ግን በጎነት ነው። «ቸር ያሰማን» የሚል ሰው ገንዘብ አልጠየቀም፤ መልካም ወሬ ነው የተመኘው። «ቸር ሰንብት»ም ላይ የሚሰጥ ነገር የለም።

መጽዋችን አልጠየቁኝም፤ ታሪኩ ስለሚጣፍጠኝ ግን አልዘለውም። «ምጽዋት» ወደ ግእዝ የገባው ከአራማይስጥ ሲሆን ከዕብራይስጡ «ሚጽቫ» ጋር አንድ ነው። ሚጽቫ ማለት ትእዛዝ ማለት ነው፤ ምጽዋት በሥሩ የታዘዙትን መፈጸም ነበር ማለት ነው። እስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን ሚጽቫ የሚለውን ቃል ሲሰሙ የድሮ ዘመዳቸውን ድምፅ እየሰሙ ነው።

ግእዝ ራሱ ሰጠ ለማለት «ወሀበ» ይላል፤ ሰጪው «ወሃቢ» ነው። ዐረብኛም ይህንኑ ሥር ይጋራል፤ አብዱልወሃብ የሚለው ስም «የሰጪው አገልጋይ» ማለት ነው። አማርኛ ግሱን ጥሎ ልጁን አስቀረ። ከወለደ ልደት፣ ከወረደ ርደት እንደሚወጣ ሁሉ፣ ከወሀበም «ወ» ተጥላ «ሀብት» ይወጣል። ሀብት ስጦታ ነው! ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሲባል የጊዮርጊስ ስጦታ ማለት ነው እንጂ የጊዮርጊስ ንብረት ማለት አይደለም። አባታችን ሆይን በግእዝ የሚደግም ሰው «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም» ሲል «ሀበነ» ያለው ስጠን ማለቱ ነው፤ ሀብትም የዚያው እኅት ነው። ባለጸጋንም ቢመረምሩት «ጸጋ» የመጣው «ጸገወ» ከሚለው፣ በቸርነት ሰጠ ከማለት ነው። ስለዚህ አማርኛ ሀብታምንም ባለጸጋንም የሚጠራቸው በተቀባይነታቸው ነው። የሰጪውን ማንነት ምስጋናችን ይነግረናል፤ አንድ ሰው ሲሰጠን «እግዜር ይስጥልኝ» እንላለን፣ በእኔ ፈንታ እርሱ ይስጥህ ማለታችን ነው። ለማኝ መጥቶ ኪሳችን ባዶ ሲሆንም «እግዜር ይስጥልን» ብለን እናሰናብተዋለን። ሰጥተውን ይስጥልኝ፣ ከልክለንም ይስጥልን።

ማስታወቂያዎን «ደም ለጋሾች» ብለው መልሰው ይለጥፉት። ኃላፊዎ አሁንም እስክርቢቷን ካነሡ፣ «ወላጅ»ን ወደ ምን እንደሚያርሙት ይጠይቁልኝ።