ግራኝ ሆነሽ ጊታር ለምትጀምሪው እኅቴ፦ ክሮቹን አታስገልብጪ

እኅቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ግራኝ መሆንሽን፣ ባሕር ዳር ውስጥ የግራኝ ጊታር ፈልገሽ ማጣትሽን፣ ተራውን የብረት ክር ጊታር ገዝተሽ አንድ ጠጋኝ ለግራኝ እንዲመች የክሮቹን ቅደም ተከተል ሊገለብጥልሽ ቀጠሮ እንደያዘልሽ፣ ከሥራ በኋላም ከአንድ ሰዓት በላይ እንደማይተርፍሽ ጽፈሻል። ስማቸው ብዙ የማይነሣ ጊታር ተጫዋቾች እንዴት ይለማመዱ እንደነበረም ጠይቀሻል። እኔም ግራኝ ነኝ። በዚችው ከተማ ተምሬ፣ ዛሬ በሐይቁ ዳር ባሉ ሆቴሎችና በየሠርጉ እየተጫወትኩ ልጆቼን አሳድጋለሁ፤ ስለዚህ መልሴ ቢረዝም ታገሺኝ።

አንደኛ፣ ጊታሩን ለጠጋኙ አትስጪው። የብረት ክር ጊታር ከመጀመሪያው የሚሠራው በቀኝ እጁ ለሚመታ ሰው ነው። በአንገቱ ጫፍ ያለችው ነት የምንላት ቁራጭ፣ ለወፍራሙ ክር ሰፊ፣ ለቀጭኑ ጠባብ ጥርስ ተቆርጦባታል። ክሮቹ ሆዱ ላይ የሚታሰሩበት ብሪጅ ላይ ያለው ሳድል፣ ማለትም ክሮቹ የሚያርፉበት ቀጭን ቁራጭ፣ ደግሞ በጥቂቱ ያዘመመ ነው፤ ወፍራሞቹ ክሮች ከቀጫጭኖቹ ትንሽ የሚበልጥ ርዝመት ካላገኙ ወደ ላይኞቹ ፍሬቶች (አንገቱን ወደሚከፋፍሉት የብረት ዘንጎች) በወጣሽ ቁጥር ድምፃቸው ከቅኝቱ ይወጣል። በሆዱ ውስጥ የተለጠፉት እንጨቶች እንኳ በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት አይደሉም። እኔ የሰጠሁት ሰው ይህን አላወቀም፣ ወይም አላስጨነቀውም። የነቷን ጥርሶች በሞረድ አስፍቶ ክሮቹን ገለበጠና ሳድሉን እንዳለ ትቶ አስረከበኝ። ባዶውን ክር ስመታው ልክ ነው፤ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ስደርስ ግን ጊታሩ ሌላ ነገር ይናገራል። ቀጫጭኖቹ ክሮችም በሰፋው ጥርስ ውስጥ እየተንቀሳቀሱ ይርገበገባሉ። ተመልሼ ሄጄ ስነግረው ሰው በተሰበሰበበት «የተበላሸው ጆሮህ ነው» አለኝ፤ ገንዘቤንም አልመለሰም። የወር ደመወዝ ያህል የወጣበት ጊታር መበላሸቱ አንድ ነገር ነው። ከዚያ የከፋው ግን የሰውየውን ቃል አምኜ ለረጅም ጊዜ ጆሮዬን መጠራጠሬ፣ ሰው ባለበትም መቃኘት መፍራቴ ነበር። ጆሮዬ ደኅና እንደሆነ ያወቅሁት የሌላ ሰው ጊታር ገልብጬ ይዤ ተቀምጬ ስጫወት ነው።

ሁለተኛው ምክሬም ይኸው ነው፦ ጊታሩን ምንም ሳትነኪ ገልብጠሽ ያዢው። ቀጫጭኖቹ ክሮች ወደ ላይ፣ ወፍራሞቹ ወደ ታች ይሆናሉ። እንዲህ ተጫውተው ያለፉ ሰዎች አሉ፤ ከሁሉም አስቀድሜ የማነሣልሽ ኤሊዛቤት ኮተንን ነው። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና በ1893 የተወለደች ጥቁር ሴት ናት። በልጅነቷ የወንድሟን ባንጆ (ጊታር መሰል የክር መሣሪያ) በድብቅ እያነሣች ትነካካ ነበር፤ ኋላም በሰው ቤት ሠርታ ባጠራቀመችው ገንዘብ በ3 ዶላር ከ75 ሳንቲም ጊታር ገዛች። አስተማሪ አልነበራትም፤ ግራኝ ስለነበረች የቀኝ እጁን ጊታር ገልብጣ ያዘችው። አውራ ጣቷ ከላይ ባሉት ቀጫጭን ክሮች ዜማውን ሲያወጣ፣ ሌሎቹ ጣቶቿ ከታች ባሉት ወፍራሞች ላይ ባሱን፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ፣ ይመልሱ ነበር፤ ይህ የአመታት ስልት ዛሬ በእርሷ ስም ይጠራል። ከዚያ ጊታሩን ትታ ለአሥርት ዓመታት በሰው ቤት ስትሠራ ኖረች፤ እንደገና ያነሣችው ሙዚቀኛ ቤተሰብ ቤት ተቀጥራ ሳለ ነው። ሥራዋ በሸክላ ሲወጣ ከስድሳ ዓመት አልፋ ነበር፣ የግራሚ ሽልማት ስትቀበል ደግሞ ከዘጠና። ይህን ሁሉ የምዘረዝርልሽ፣ ከሥራ መልስ አንዲት ሰዓት ብቻ አለኝ ብለሽ ስላዘንሽ ነው።

ብሉዝ የሚጫወተው አልበርት ኪንግም ጊታሩን ገልብጦ ይይዝ ነበር። ሌላው ሰው ወደ ላይ ገፍቶ የሚያስጮኸውን ቀጭን ክር እርሱ ወደ ታች ይጎትተው ስለነበረ፣ ያ ድምፅ ቀኝ እጅ ተጫዋቾች ሊመስሉት ቢፈልጉም የሚያስቸግራቸው ሆነ። በአንጻሩ የብሪታንያ ሮክ ጊታር ተጫዋቾቹ ሮበርት ፍሪፕና ማርክ ኖፕፍለር ግራኝ ሆነው በቀኝ መጫወትን ተምረዋል፤ ይህም መንገድ ያዋጣል። እኔ ግን መገልበጡን የምመክርሽ ለባሕር ዳር ስለሚሆን ነው። ሆቴል ሄደሽ፣ ሠርግ ተጠርተሽ፣ ጓደኛሽ ቤት ገብተሽ የምታገኚው ጊታር ሁሉ የቀኝ እጅ ነው፤ ገልብጠሽ መጫወት ከቻልሽ ግን ሁሉም ያንቺ ነው። ችግሩንም አልደብቅሽም። የኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ሥዕሎቹ የሚያሳዩት ክርና ፍሬት ያው ቢሆንም፣ የትኛው ጣት የት እንደሚያርፍ ራስሽ ፈልገሽ ማግኘት ይኖርብሻል። ኤሌክትሪክ ጊታር ስትይዢም የድምፁ ቁልፎች ክንድሽ ሥር ይገባሉ።

ሦስተኛ፣ ፈተና የሚባለውን ተጠንቀቂ። አንድ መሥሪያ ቤት ለባንዱ ጊታር ተጫዋች እንደሚፈልግ ማስታወቂያ አውጥቶ ተመዝግቤ ገባሁ። ከፈታኞቹ አንዱ ገና አንድ ኖታ ሳልመታ «መጀመሪያ አያያዝህን አስተካክል፣ በግራ እጅ ነውር ነው» አለ። ትምህርት ቤት በግራ እጄ ስጽፍ የተመታሁትን ያህል ተሰማኝ። የምጫወተውን እንዲሰሙልኝ ብለምን «ቀጣይ!» ተብሎ ተጠራብኝ። በግራ እጅ እንጀራ መቁረስን፣ ለሰው በግራ እጅ መስጠትን ባህላችን እንደሚነቅፍ አውቃለሁ፣ አከብረዋለሁም፤ ጊታር ግን ሁለቱንም እጅ እኩል የሚያሠራ መሣሪያ ነው። የፓራጓዩ ጊታር ተጫዋችና የዜማ ደራሲ አጉስቲን ባሪዮስ በክላሲክ ጊታር ላይ የብረት ክር በማሰሩ ብዙ ተንቆበታል፤ ዛሬ ግን ድርሰቶቹን በየአገሩ ያሉ የክላሲክ ጊታር ተማሪዎች ያጠኗቸዋል። ለፈተና ከገባሽ ቁጭ ከማለትሽ በፊት አትናገሪ፣ ይቅርታም አትጠይቂ፤ እንደተቀመጥሽ ጀምሪ። ያ መሥሪያ ቤት የቀጠረው ልጅ ዛሬ ሠርግ ሲደራረብበት የሚደውለው ለእኔ ነው።

ወደ ልምምዱ ስመጣ፣ ያቺን አንድ ሰዓት በኮርድ አትጨርሺያት። የመጀመሪያውን አጋማሽ በአንድ ክር ላይ ብቻ ተጫወቺ፤ በአንድ ክር ላይ ግራኝና ቀኝ የለም፣ የፍሬቱ ቁጥር ለሁሉም አንድ ነው። ትዝታን ከባዶው ክር ተነሥተሽ በ2፣ በ4፣ በ7፣ በ9 እና በ12 ታገኚዋለሽ። አምባሰል በ1፣ በ5፣ በ7፣ በ8 እና በ12 ነው። አንቺሆዬ ደግሞ በ1፣ በ5፣ በ6፣ በ9 እና በ12። አንዱን ቅኝት ሳምንቱን ሙሉ ያዢው፤ እየመታሽ አብረሽ አንጎራጉሪ፣ ድምፅሽና ክሩ ካልተገናኙ ወደሚቀጥለው ፍሬት አትለፊ። አንቺሆዬ ትፈትንሻለች፤ አምስተኛውና ስድስተኛው ፍሬት ጎን ለጎን ስለሆኑ ጣት ይስታል፣ እዚያ ላይ ቀስ በይ።

የቀረውን ጊዜ ለምት ስጪው። ዲክ ዴል የሚባል፣ አባቱ የሊባኖስ ዘር የሆነ አሜሪካዊ ግራኝ ነበረ፤ እርሱም ጊታሩን ገልብጦ ነው የሚጫወተው። ያ ፈጣን የእጅ አመታቱ በልጅነቱ አጎቱ ካስተማረው የዓረብ ከበሮ የመጣ ነው። እኛ ደግሞ ከበሮ ሞልቶልናል። ክሮቹን በመዳፍሽ አፍነሽ የእስክስታውን ምት ብቻ በቀኙም በግራውም እጅሽ ምቺ፤ ኮርዱን ከዚያ በኋላ ጨምሪበት። ማድመጥ የፈለግሽ እንደሆነ ከአይቤክስና ከሮሃ ባንድ ጊታሪስት ከሰላም ስዩም ጀምሪ። ካሴቱ ላይ የሚጻፈው የዘፋኙ ስም ስለሆነ፣ ጊታሩን ስንሰማው አድገን የሚጫወተውን ሰው የማናውቅ ብዙ ነን፤ ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ዘፋኙን ትተሽ ጊታሩ በየስንኙ መካከል ምን እንደሚመልስ ብቻ ስሚ።

ምናልባት ይህን ከማንበብሽ በፊት ጊታሩን ሰጥተሽው ነቷ ተሞርዳ ከሆነ፣ ጊታሩ አልሞተም። ክሮቹን ወደ ቦታቸው አስመልሺና አዲስ ነት ከበሬ አጥንት አስቀርጪ፤ የቀድሞዋን ነት ለልክ እንዲሆን ጠይቀሽ ተቀበዪው፣ እንዳይጥላት። የገዛሽው የናይለን ክር ያለው ክላሲክ ጊታር ከሆነ ደግሞ ሳድሉ በአብዛኛው ቀጥ ያለ ስለሆነ ጉዳቱ ያነሰ ነው፣ ነቷን መቀየር ብቻ ይበቃል። በክረምት የሐይቁ እርጥበት የብረት ክር ቶሎ ስለሚያዝግ፣ ተጫውተሽ ስትጨርሺ በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው።