እንደ ተነፋ ጎማ

ሰሞኑን አንዲት የባዮሎጂ ተማሪ የወስፋት ፎቶ ላከችልኝና «ጋሼ፣ የወንዱ ጭራ ለምንድነው የተቆለመመው?» አለችኝ። ሴቷን ለመያዝ ነው፣ ጫፉ ላይ ያሉት ሁለት እሾህ መሰል ነገሮች ደግሞ ዘሩ እንዲገባ መንገድ ይከፍታሉ አልኳት። «በዓይን ታይቶ ነው ወይስ ስለሚመስል?» አለች። እንቅልፍ ነሳችኝ።

ባሕር ዳር ላብራቶሪ ውስጥ ገና ጀማሪ ሳለሁ ነው። አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣች፤ አባትየው ጣና ላይ አሣ የሚያሰግር ነው። ልጁ መድኃኒት ወስዶ የወጣለትን ወስፋት በጣሳ ይዘዋል። ከስንዝር ታልፋለች፣ ሴት ናት። እናትየው ፊቷን አዞረች፣ ልጁ ግን ዓይኑን አልነቀለም። እኔም ጉራዬን ልንዛ ብዬ በመርፌ ወጋ ሳደርጋት ፈሳሹ ፊጭ ብሎ ጋውኔ ላይ አረፈ፣ ተገትራ የነበረችው ትል ልፍስፍስ አለች። ልጁ «እንዴ! ልክ እንደ ብስክሌት ጎማ! ተነፍታ ነበር!» ብሎ ጮኸ።

እኔ ምን አልኩ? «ዝም በል፣ ትል ትል ነው።» ወረፋ ነበር እላለሁ፤ ሰበብ ነው። መልሱን ስለማላውቅ ነው የተቆጣሁት። ልጁ አንገቱን ደፋ።

(አብሮኝ የሚሠራ አንድ ባልደረባ ወስፋት በተከፈተ ቁጥር ያስነጥሰው ነበር። ተጸይፎ ነው እያልን ስንስቅበት ኖርን፤ ለካ ፈሳሹ አለርጂ ያስነሳል።)

ከዓመታት በኋላ ሳነብ ልጁ ልክ ነበር። ወስፋት አጥንት የላትም። በአንጀቷና በሰውነቷ ግድግዳ መካከል ታምቆ ያለው ፈሳሽ ነው የሚገትራት፤ ጠንካራው ቆዳዋ እንደ ጎማው ላስቲክ አፍኖ ይይዘዋል። የሰውነቷ ግድግዳ ጡንቻ በሙሉ በቁመት የተዘረጋ ነው፣ ዙሪያዋን የሚያስር የላትም። ስለዚህ እንደ መሬት ትል እያጠረችና እየረዘመች መሄድ አትችልም፣ ትተጣጠፋለች። አንዱ ጎን ሲኮማተር ግፊቱ መልሶ ያቃናታል። ያ ሁሉ ግፊት ደግሞ አንጀቷን ይደፈጥጠዋል፤ ጉሮሮዋ እንደ ፓምፕ እየገፋ ካላስገባ ምግብ አያልፍም።

ጓንት አድርጉ ምናምን አልላችሁም። የምታዩትን በእጃችሁ ሳሉ ግን። የዛሬ ልጆች ፎቶ አንስታችሁ ትሄዳላችሁ፣ እጃችሁ ያልሳለውን ዓይናችሁ አያየውም። ስልክ አትመኑ። እኔም ብሆን ለልጅቷ የመለስኩት ስልኬ ላይ አፍጥጬ ነው፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ትናንት «የጭራውን ሥራ በወስፋት ላይ እኔ በዓይኔ አላየሁም» ብዬ ጻፍኩላት። ትንሽ ቆይታ «ታዲያ ማን አየ?» አለችኝ።