ስሜቴ ቀዝቅዞ መቁረቤ ግብዝነት ነው ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? የምኖረው ደሴ ነው። በቅዱስ ቁርባን ከተጋባን ስምንት ዓመት ሆኖናል። ባለቤቴ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ስለሚሠራ በየማታው የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ይመጣል። ራት እንበላለን፣ ልጆቹን እናስተኛለን፣ ቀኑ ያልቃል። ጥል የለንም፤ ነገር ግን እንደ ድሮው ልቤ አይመታም። በቅርቡ ደግሞ ፍቅር የአንጎል ኬሚካል እንደሆነና ከሁለት ዓመት እንደማያልፍ አነበብኩ። እንዲህ ሆኜ ከእርሱ ጋር መቁረብ ግብዝነት እየመሰለኝ ሰሞኑን ሰበብ ፈጥሬ ቀረሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ አትቅሪ። የልብ ትርታ መብረድ ከቅዱስ ቁርባን የሚያርቅ ኃጢአት አይደለም። ይህን የማስቀድመው በዚሁ ሐሳብ ተሸብረው ከምሥጢራት የሚርቁ ባለትዳሮች ስለሚያሳዝኑኝ ነው።

ያነበብሽው መሠረት የሌለው አይደለም፤ ግን ተቆርጦ ደርሶሻል። በ1999 እ.ኤ.አ. ዶናቴላ ማራዚቲ የተባሉ ጣልያናዊት የሥነ አእምሮ ሐኪም አዲስ ፍቅር የያዛቸውን 20 ሰዎች ደም መረመሩ። ሴሮቶኒን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያጓጉዘው ፕሮቲን አንድ ሐሳብ እየተመላለሰ በሚያስጨንቃቸው ሕሙማን ላይ እንደሚታየው ቀንሶ አገኙት። ከ12 እስከ 18 ወር በኋላ ጥቂቶቹን ደግመው ሲመረምሩ ልኬቱ ወደ ቦታው ተመልሷል። ስለዚህ ያለፈው እንቅልፍ የሚነሣው ጭንቀት ነው፤ ጥናቱ የትዳርን ፍቅር ዕድሜ አልለካም። እንዲያውም ቢያንካ አሴቬዶና ባልደረቦቻቸው በአማካይ 21 ዓመት በትዳር የቆዩና አሁንም አጥብቀው እንደሚዋደዱ የሚናገሩ 17 ሰዎችን የአጋራቸውን ፎቶግራፍ እያሳዩ አንጎላቸውን ሲመረምሩ፣ በአዲስ አፍቃሪዎች ላይ የሚነቃቃው፣ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያመነጨው የአንጎል ክፍል በእነርሱም ላይ ሲነቃቃ አይተዋል።

ኬሚካል መባሉም አያስደንግጥሽ። እንባም ከዕጢ ይመነጫል፤ የንስሐ እንባ ግን በዚህ ምክንያት ሐሰት አይሆንም። ሥጋችንን ከነአሠራሩ የፈጠረው እግዚአብሔር ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ያ በጥያቄሽ ውስጥ በአንድ መስመር ያለፍሽው ምሽት ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆን ጎትማን አዲስ ተጋቢዎችን ተመልክተው ከስድስት ዓመት በኋላ ማን እንደጸና፣ ማን እንደተፋታ አዩ። በትዳራቸው የዘለቁት አንዳቸው ሌላውን ለወሬ ወይም ለትኩረት ሲጋብዙ ከ100 ጊዜ 86ቱን ምላሽ ይሰጡ ነበር፤ የተፋቱት ግን 33ቱን ብቻ። ባለቤትሽ ጫማውን እያወለቀ «ዛሬ ሐረጎ ላይ ጉሙ መንገድ አያሳይም ነበር» ሲልሽ አንቺን እየጠራሽ ነው። ስልክሽን አስቀምጠሽ፣ ቀና ብለሽ «እንኳን በሰላም ገባህ! ፈርተህ ነበር?» ማለት ትችያለሽ። «እህ» ብለሽ ልታልፊውም ትችያለሽ። ሐዋርያው ፍቅርን ሲገልጽ «ይታገሣል፣ ቸርነትንም ያደርጋል» ይላል። እነዚህ ደክሞሽም ሳለ ልታደርጊያቸው የምትችያቸው ናቸው።

ጎትማን ትዳርን ከሚያፈርሱት ጠባዮች የከፋው ንቀት ነው ይላሉ። ጌታችንም በማቴዎስ ምዕራፍ 5 ወንድሙን «ጨርቃም» የሚለውን ከኮነነ በኋላ ወዲያው መባን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ስለ መታረቅ ያስተምራል። ራስሽን የምትመረምሪው በዚህ ነው። ባልሽን በልብሽ ንቀሽዋል? በእኅቶችሽ ፊት አሳንሰሽዋል? ካለ ተናዘዢ፣ ታረቂ፣ ከዚያ ቅረቢ። ከሌለ ምንም የሚከለክልሽ ነገር የለም።

ለንስሐ አባታችሁ ይህን ሁሉ ንገሪያቸው፤ ቤታችሁን ከእኔ ይልቅ እርሳቸው ያውቁታል። ከዚያ በፊት ግን ባለቤትሽን አናግሪው። ሰበብ ፈጥረሽ ከቁርባን ስትቀሪ እርሱ ምን እንዳሰበ ከጻፍሽልኝ ውስጥ አላገኘሁም። ምናልባት አልጠየቅሽውም ይሆናል፤ ዛሬ ማታ ሲገባ ጠይቂው።