ከማረጥ በኋላ የመጣ ጭንቀትና በአጥንት ውስጥ የቆየ እርሳስ

ጥያቄ፦ የ57 ዓመት ሴት ነኝ። የወር አበባዬ ከተቋረጠ አራት ዓመት ሆኖታል። ካለፈው ዓመት ወዲህ ያለ ምክንያት እጨነቃለሁ፤ ሌሊት አንዴ ከነቃሁ እንቅልፍ ተመልሶ አይወስደኝም፤ ድሮ ደስ ይለኝ የነበረው ሁሉ አስጠልቶኛል። በፕላስቲክ ውስጥ ያሉ ኬሚካሎች ሆርሞን ያዛባሉ ሲባል ሰምቼ የፕላስቲክ ዕቃዎቼን ባስወግድም ለውጥ አላየሁም። በወጣትነቴ ማተሚያ ቤት ውስጥ እርሳስ ከተባለው ብረት የተሠራ የማተሚያ ፊደል እለቅም ነበር። ይህ ከሕመሜ ጋር ይገናኝ ይሆን?

መልስ፦ ስለ ፕላስቲኩ አስቀድሜ ላንሳ። ቢስፌኖል ኤ እና ፍታሌት የተባሉት ኬሚካሎች የሆርሞንን ሥራ ሊያውኩ ይችላሉ፤ ከድባቴ ጋር ያላቸው ግንኙነትም ተጠንቷል። ነገር ግን አብዛኛው መጠናቸው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ በሽንት ስለሚወጣ፣ አንድ ጊዜ በተወሰደ የሽንት ናሙና የብዙ ዓመታትን ተጋላጭነት ማወቅ አይቻልም። ድባቴ ባለባቸው ሴቶች ሽንት ውስጥ ኬሚካሉ በርከት ብሎ መገኘቱም ድባቴውን ያመጣው እሱ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

እርሳስ ጠባዩ ሌላ ነው። ከካልሲየም ጋር ስለሚመሳሰል ሰውነት አጥንት ውስጥ ያከማቸዋል፤ በአዋቂ ሰው ሰውነት ካለው እርሳስ ከ90 በመቶ በላይ የሚገኘውም እዚያው ነው። በደም ውስጥ ያለው በአንድ ወር ገደማ በግማሽ ሲቀንስ፣ የአጥንቱ ግን ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል። ኤስትሮጅን የአጥንትን መሳሳት የሚገታ ሆርሞን በመሆኑ፣ በማረጥ ምክንያት መጠኑ ሲያሽቆለቁል አጥንት ከሚገነባው ይልቅ የሚፈርሰው ይበዛል፤ ካልሲየሙ ወደ ደም ሲመለስ ለዓመታት የተቀመጠው እርሳስም አብሮት ይወጣል። ያረጡ ሴቶች ደም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ገና ካላረጡት ከፍ ብሎ መገኘቱ በጥናቶች ታይቷል። ስለዚህ ፊደል በነካ እጅ ምግብ የቀመሰች ወይም ያገለገለ ፊደል ሲቀልጥ አጠገቡ የቆመች ወጣት፣ ሥራውን ከተወች ከብዙ ዓመታት በኋላ ያኔ የገባው እርሳስ በደሟ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ብዙ ሴቶች ይህን የሚነግራቸው አለማግኘታቸው፣ «ቀድሞ ምን ይሠሩ ነበር?» የሚል ጥያቄም በምርመራ ክፍል እምብዛም አለመሰማቱ በእጅጉ ያሳዝነኛል።

እርሳስ ነርቭን ይጎዳል፤ መጠኑ ሲበዛ ብስጭት፣ የእንቅልፍ መታወክ፣ የማስታወስ ችግርና የስሜት መውረድ ያስከትላል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ይገልጻል። ይሁን እንጂ ማረጥ ራሱ እንቅልፍንና ስሜትን ስለሚያውክ፣ የታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ የደም ማነስና የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያሳዩ፣ የእርስዎን ሕመም ከምርመራ በፊት በእርሳስ ማሳበብ ተገቢ አይሆንም።

ለሐኪምዎ የማተሚያ ቤቱን ሥራ በግልጽ ይንገሩ፤ ከደም ሥር በሚወሰድ ደም የእርሳስ መጠን እንዲለካልዎና የጠቀስኳቸው ሌሎች ምርመራዎችም እንዲደረጉልዎ ይጠይቁ። ውጤቱ በዴሲሊትር 5 ማይክሮግራም ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ መሠረት ምንጩ ሊፈለግና ሊወገድ ይገባል፤ ምንጩ አጥንትዎ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ የአጥንት መሳሳትን ማከም ዋናው ነገር ይሆናል። በቂ ካልሲየም ማግኘትና በእግር አዘውትሮ መሄድ አጥንትን ይረዳሉ፤ የሆርሞን ሕክምና ለእርስዎ ይስማማ እንደሆነ ግን የሚወስነው የጤና ታሪክዎን የሚያውቅ ሐኪም ነው። «እርሳስን ከሰውነት ያጥባል» ተብሎ የሚሸጥ መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይወስዱ አደራ እላለሁ፤ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።

የእርሳሱ ውጤት እስኪመጣ ግን የድባቴውን ሕክምና አያዘግዩ። መነሻው ምንም ይሁን ምን፣ የንግግር ሕክምናና አስፈላጊ ሲሆን መድኃኒት ብዙዎችን ይረዳል። ሕይወትን የመጥላት ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎ ለሚቀርብዎ ሰው ነግረው በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።